ታረቀ «ጠበል» ያለው ጉድጓድ

ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

አስተርእዮ ማርያም ናት። ሥራ አይሠራም፤ መጻፍ ሥራ መሆን አለመሆኑን መሪጌታን አልጠየቅሁም። ይህን ደብተር ከገዛሁ ሁለት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ የመድኃኒቴን ሰዓትና የዶሮዎቹን ክትባት ቀን ብቻ ነበር የምጽፍበት። ዛሬ ግን የምናገረው ነገር አለኝ፤ የምነግረው ሰው የለኝም።

አንድ ነጭ መኪና ወደ አሮጌው ካምፕ ገባ። ካምፑ የመንገድ ሠሪዎች ነበር፤ ከባድ መኪና የሚጠገንበት፣ ናፍጣና ዘይት የሚከማችበት። እዚህ ደጀን ከአስፋልቱ በላይ ተዘግቶ ከቀረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን ጤና ጣቢያ ይሠራበታል፣ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድም ይቆፈርበታል ይላሉ። ከዚያ በፊት ግን አፈሩ ናፍጣ ጠጥቶ እንደሆነ ይመረመራል። የቀበሌው ሠራተኛ እንዳላማው «የድሮውን ካምፕ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል» እያለ ሰፈሩን ዞረ። ደጄ ላይ ቆሜ ነበር። «እንዴት አደሩ እትዬ ሥራነሽ» ብሎኝ አለፈ። በቀጥታ ማዶ፣ ፈንታዬ ቤት ገባ።

ባሌ ታረቀ የዚያ ካምፕ የግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት። ምሳውን በየቀኑ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ፈንታዬ ቢሮ ተቀምጣ ታይፕ ትመታ ነበር። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ጸሐፊ!

የሞተው ባል የማን ነው? የኔ ነው።

ጥር 24፣ ዓርብ

ፈንታዬን ወንበር አውጥተው አስቀምጠዋታል። ጥላም ይዘውላታል። እሷም ጣቷን ወዲያና ወዲህ ትቀስራለች፤ እዚህ ጋራዥ ነበር፣ እዚያ ሚዛን ነበር ትላለች።

መርማሪዋ ማርቲ ትባላለች፤ ከባሕር ዳር የመጣች መሐንዲስ ናት። ሠላሳ ዓመት የሞላት አይመስለኝም። ስትጽፍ ወረቀቱን አታይም፤ ሰው እያየች፣ እየሳቀች ትጽፋለች። እኔ ስጽፍ ከወረቀቱ ሌላ ምንም አላይም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ታረቀ በሞተ በሦስተኛው ዓመት። ለማን ብለሽ ነው ያሉኝ ነበሩ።

እንዳላማው «እማማ ፈንታዬ ማለት የካምፑ መዝገብ ናቸው» ሲል በአጥር በኩል ሰማሁ። መዝገብ!

ጥር 26፣ እሑድ

ዛሬም አልጠየቁኝም። ከቅዳሴ ስመለስ በካምፑ በኩል መጣሁ፤ መንገዱ ስለሚቀርብ ነው። አይቀርብም።

ጥር 29፣ ረቡዕ

ዶሮዬ ወደ ካምፑ ገባችብኝ፤ እሷን ፍለጋ ሄድኩ። ማርቲ አየችኝና «እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ?» አለችኝ።

«እችላለሁ» አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ።

«እማማ ፈንታዬ መነጽራቸውን ረስተው መጡ። ይቺን ቃል እኔም ጌቾም ማንበብ አቃተን።» ጌቾ መሰርሰሪያውን የሚያዞረው ሰውዬ ነው።

ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ዘረጋችልኝ። የታረቀ እጅ ነው። በሕይወት ሳለ ጽሕፈቱን አላውቀውም ነበር፤ ለኔ ያኔ ፊደል ሁሉ አንድ ነው። ብዕሩን ግን ወረቀቱ እስኪበሳ እንደሚጫን አውቃለሁ።

«ይኼን ከየት አገኛችሁት?»

«እማማ ፈንታዬ ከቤታቸው አመጡልን።»

ባሌ የሞተ ጊዜ ይህን ደብተር ፍለጋ ሳጥኑን ሁሉ ገልብጫለሁ። አይጥ በላው ብዬ ተውኩት። አይጧ ለካ ማዶ ነው የምትኖረው።

መስመሩ እንዲህ ይላል፤ «የተበላሸ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት፣ አሥራ ሁለት በርሜል፣ ጠበል ወረደ።» ያላነበበቻት ቃል ቀለሟ ፈዟል።

«ጠበል» ብዬ አነበብኩላት።

«ጠበል? የቤተ ክርስቲያኑ?»

«የተጻፈው ጠበል ነው» አልኳት።

የተጻፈው እሱ ነው። አልዋሸሁም።

ለራሴ እንኳ ልጻፈው። ከጋራዡ ጀርባ፣ አሁን ባሕር ዛፍ ከተተከለበት ላይ፣ አንድ ሰፊ ጉድጓድ ነበር። ከመኪና የወጣ አሮጌ ዘይት፣ ውሃ የገባበት ናፍጣ፣ ሁሉ እዚያ ይደፋል። የገጠሩ ሰው ጠርሙስ ይዞ እየመጣ ይለምናል፤ አንዱ ለቤቱ ምሰሶ፣ ምስጥ እንዳይበላው፤ አንዱ ለአህያው ቁስል። ታረቀ አንድ ቀን ምሳውን እየበላ «ሥሩ፣ ይኼ ጉድጓድ እኮ ከጠበል በለጠ፤ እንጨቱንም አህያውንም ፈወሰ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው በሙሉ ጠበል አለው። በርሜል ሲደፉ ጠበል ወረደ ይላሉ። ፈንታዬ ፊት ግን አይሉም። የቄስ ልጅ ናት፣ በተቀደሰ ስም ቀለዳችሁ ብላ ትቆጣለች ብለው ይፈሯታል። ስለዚህ እሷ አታውቅም። ታረቀ ለኔ ነግሮኝ ለሷ ያልነገራት ነገር ይኸው አንድ ነው። ሌላ መኖሩን አላውቅም።

ደብተሩን ስመልስላት የመጨረሻው ገጽ ተገለጠ። እዚያ ስለ በርሜል አያወራም። «ፍቅርአዲስ» ይላል። ከሥሩም «ፍቅርአዲስ»። ሦስት ጊዜ፤ ሦስተኛው ተጠንቅቆ፣ ቀስ ተብሎ የተጻፈ። ብዕር ሲሞክር ይሆናል። ሰው ብዕር ሲሞክር ያገኘውን ይጽፋል።

ፍቅርአዲስ የፈንታዬ ልጅ ናት። በአያቷ በቄሱ ስም ነው የምትጠራው። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

የካቲት 3፣ እሑድ

ማርቲ ፈንታዬን ጠየቀቻት አሉ፤ በእርግጥ ዘይቱን ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይወስዱት ነበር ወይ ብላ። ፈንታዬም «አዎ፣ በመኪና ጭነው ወደ ታች ሲወርዱ አይቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው» አለች።

አላየችም። ያላየችውን አየሁ ያሰኛት ወንበሩ ነው።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ዛሬ ጠበሉ ዘንድ ጉድ ነበር። ሰው ሁሉ ወረደ፤ እኔም ወረድኩ። መሪጌታ ወልደ ሰንበት መቋሚያቸውን መንገዱ ላይ አጋድመው ቆሙ።

«ናፍጣ ፍለጋ ከኪዳነ ምሕረት? ምነው ልጆቼ፣ ማደያው ተዘጋ?»

ጌቾ ቆቡን አውልቆ «አባታችን፣ እኛ ምን እናውቃለን፤ መዝገቡ ነው ያለው» አላቸው።

«መዝገቡ ሰም ነው። ወርቁን ፈልጉ።»

ሰው ሳቀ። መሪጌታ ይህን ሲሉ ወደኔ ያዩ መሰለኝ። አላዩም። ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ነው ያጨናበሱት።

በመጨረሻ ከአጥሩ ውጭ፣ ከታች በኩል እንዲሰረስሩ ተፈቀደላቸው። ፈንታዬ መሬት ስማ አለቀሰች። ሴቶቹ ደገፏት። አልቅሶ መደገፍም የሷ ዕድል ነው።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ከጠበሉ በታች ስድስት ቦታ ሰረሰሩ። ንጹሕ። ማርቲ ሽታ የሚለይ መሣሪያ አላት፤ ናፍጣ ካገኘ ይጮኻል። አልጮኸም። በአፈሩ ስድስት ጠርሙስ ሞልታ፣ ወረቀት ለጥፋ፣ በረዶ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። መሪጌታ «እኛስ ነግረናል» አሉ።

እኔ ዶሮዎቼን ላስገባ ተመለስኩ።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ካምፑም ውስጥ ዘጠኝ ቦታ ሞክረዋል፤ ፈንታዬ ባሳየቻቸው። ጋራዡ አጠገብ ላይ ላዩን ትንሽ ሸተተ አሉ፤ ተጠርጎ የሚጣል ነው። ማርቲ ለእንዳላማው «ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል» ስትለው ሰማሁ። በአሥራ ዘጠኝ ይሄዳሉ።

ባሕር ዛፉ ውስጥ አልገቡም። እዚያ መሐል ላይ አንድ ቦታ አለ፤ ዛፎቹ ከወገቤ አይበልጡም። ዙሪያቸው ያሉት ሰማይ ሊነኩ ነው። ማንም ልብ አላለውም። ዛፍ ከዛፍ ይበላለጣል።

ባሕር ዛፉ ከላይ ነው፤ የፈንታዬ የውሃ ጉድጓድ ከታች። ውሃ ወዴት እንደሚሄድ እኔ አላዘውም።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ዘንድሮ በፈንታዬ ተራ ነበር። ባልሄድ ይወራል። ሄድኩ።

የፈንታዬ ጉድጓድ ዱሮ ስም ነበረው። ጠላው የሷ ጠላ፣ ውሃው የሷ ውሃ ይባል ነበር። ሰው ሁሉ ቧንቧ ሲያስገባ እሷ «ጉድጓድ እያለኝ የብረት ውሃ ምን ያደርግልኛል» ብላ ቀረች። አሁን ከጉድጓዱ የሚጠጡት እሷና ልጇ ብቻ ናቸው።

የኔአለም፣ ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ የውሃ ብርጭቆዋን ወደ መስኮቱ አነሳችና «እዩልኝ! የማርያም መቀነት!» ብላ ጮኸች። እውነትም ውሃው ላይ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ብጫ ቀለም ይንሳፈፋል። «በዕለቷ! በኪዳነ ምሕረት ዕለት!» ብለው እልል አሉ። አንዷ ብርጭቆውን ግንባሯ ላይ አሻሸችው። ፈንታዬ ሳቀች፤ ግን ቶሎ ብላ ተቀበለቻትና ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። ስትመለስ «ጄሪካኑ ነው፤ ቀድሞ ላምባ ነበረበት» አለች። ስለ ሽታ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ፍቅርአዲስ ስምንተኛ ወሯ ነው። ባሏ ለሥራ መተማ ከሄደ ወዲህ እናቷ ዘንድ ናት። ጠላ ሐኪም ከልክሏታል፤ ውሃ ነው የምትጠጣው። እየዞረች ስታስተናግድ እኔ ጋ ደረሰች።

«እትዬ ሥራነሽ፣ እርስዎ ምንም አልያዙም።»

«አልጠማኝም።»

«ይኼን ልጅ ግን ውሃ አያጠግበውም» አለችና እዚያው ፊቴ ቆማ ጠጣች፤ አንድ እጇ ሆዷ ላይ። ጉሮሮዋ ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። ደግማ ቀዳች። አፌን ከፈትኩ። ልክ በዚያን ጊዜ ፈንታዬ ከማዶ «እትዬ፣ ወንበር ይምጣልሽ?» አለችኝ። በወንበር የምታዘው እሷ ናት። አፌን ዘጋሁ።

ቤቱ የሷ ነው፤ በወንበሩ ማን ይዘዝ? አውቃለሁ።

የካቲት 17፣ እሑድ

አልጠየቁኝም። ቃሏን ጠየቁኝ፤ ቃሏን ሰጠኋቸው። ትርጉሟን የጠየቀኝ የለም።

ልጅቷ የሷ ናት። ጉድጓዱ የሷ ነው። ደብተሩም የሷ ሆነ። እኔ አልወለድኩም፤ ታረቀ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ይህን ደግነት ነው ብዬ ስኖር ነበር። ለኔ የቀረችኝ አንዲት ቃል ናት። እሷንም ልስጥ?

ቅዳሴ ላይ ቆሜ አንዲት ቃል አልሰማሁም። የጉሮሮዋ ነገር።

የካቲት 18፣ ሰኞ

ካምፑ በር ድረስ ሄድኩ። ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ። ጌቾ ድንኳን እያፈረሰ ነበር። «እትዬ፣ ዶሮዋ ዛሬም ጠፋች?» አለኝ። ተመለስኩ።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ

መኪናው ተነስቶ አስፋልት ሊወጣ ሲል ፊቱ ቆምኩ። ጌቾ ፍሬኑን ረገጠ። ማርቲ መስኮቱን አወረደች።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«ጠበል ብዬ ያነበብኩልሽ ጠበል አይደለም።»

«ተሳስተው ነው ያነበቡት?»

«በትክክል ነው ያነበብኩት።»

ጌቾና እሷ ተያዩ። አሮጊቷ ለየላት ያሉ ይመስለኛል።

«ቀልድ ነው» አልኩ። «ስም ነው። ዘይት የሚደፉበትን ጉድጓድ ጠበል ነበር የሚሉት። ባሌ ነው ያወጣለት።»

«ባልዎ? ደብተሩ የባልዎ ነው?»

ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ አታውቅም ነበር። ማንም አልነገራትም። እኔም አልነገርኳት፤ እስኪነግሯት ስጠብቅ።

ወደ ባሕር ዛፉ መራኋቸው፤ አጫጭሮቹ ዛፎች መሐል አቆምኳቸው። ጌቾ መሰርሰሪያውን ማዞር ጀመረ። መጀመሪያ ሙሌት መጣ፤ ቀይ አፈርና ጠጠር፤ ካምፑ ሲዘጋ የደፈኑበት ነው። ሁለት ሜትር ሲያልፍ አፈሩ ጠቆረ። ከዚያ እንደ ቅባት የሚያብለጨልጭ ሆነ። ሽታው ከመሣሪያው በፊት እኛን አገኘን፤ መሣሪያውም ጮኸ፣ አላቆምም አለ። ጌቾ እፍኝ አፈር ወደ አፍንጫው አስጠጋና አንገቱን ወደኋላ መለሰ።

«እትዬ፣ ይኼ ጠበል ሰይጣኑን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም ያስወጣል!»

ማርቲ አልሳቀችም። «ከዚህ በታች የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ?»

እጄን ዘርግቼ የፈንታዬን ቆርቆሮ አሳየኋት። «እርጉዝ አለች» አልኩ።

እየሮጠች ወረደች። ከመውረዷ በፊት ግን ዞር ብላ «ቀደም ብለው ለምን አልነገሩንም?» አለችኝ።

«አልጠየቃችሁኝም።»

ይህን መልስ በልቤ ሳመላልሰው ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። በአፌ ሲወጣ ምንም አልነበረም።

የካቲት 20፣ ረቡዕ

ፈንታዬ መጣች። ደጄን ከረገጠች ዓመታት አልፈዋል። ጄሪካን ይዛለች።

«እትዬ፣ ለልጅቷ ውሃ ቅጂልኝ። ከጉድጓዱ አትጠጡ ብለውናል።»

ቧንቧውን ከፈትኩላት። ሃያ ሊትር እስኪሞላ ብዙ ነው። ሁለታችንም ውሃውን እያየን ቆምን።

«ጠበል ይሉት ነበር አሉ» አለች።

«ይሉት ነበር።»

«ማን ነው ያወጣለት?»

«ታረቀ።»

ጄሪካኑ እስከ ግማሹ ሞላ።

«ለኔ አልነገረኝም» አለች፤ ለኔ ሳይሆን ለውሃው።

ይህን ቃል ከሷ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። «የቄስ ልጅ ናት ብሎ ነው» አልኳት። ለምን እንዳልኳት አላውቅም።

ጄሪካኑን አዝላ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «አንቺን ግን አይፈራሽም ነበር» አለችኝ። ስድብ ይሁን ሌላ፣ ይኸው ቁጭ ብዬ እያሰብኩት ነው።

የካቲት 25፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ፈንታዬ በየቀኑ ከሰዓት ትመጣለች። ስለ ውሃ ብቻ ነው የምንነጋገረው። ሞላ፣ አልሞላም።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

የአፈሩም፣ ማርቲ ከጉድጓዱ የቀዳችው ውሃም ውጤት መጣ። የፈንታዬ ጉድጓድ ውስጥ ናፍጣ አለ። በብረት ክዳን ዘግተው አሸጉት። ካምፑ ላይ ውሃ አይቆፈርም፤ ጤና ጣቢያው ሌላ ቦታ ይፈለግለታል። አፈሩ በመኪና ተዝቆ ይወጣል ተባለ፤ መቼ እንደሆነ አልተባለም።

ማርቲ ተመልሳ መጥታ የወረቀቱን ግልባጭ አሳየችኝ። «መረጃ የሰጡ» ይልና ወይዘሮ ፈንታዬ፤ ከሥሯ ወይዘሮ ሥራነሽ። ከሥሯ።

ፍቅርአዲስን ደብረ ማርቆስ ወስደው አስመረመሯት። የልጁ ልብ በደንብ ይመታል አሉ፤ እስክትወልድ ግን በየሳምንቱ ትመለሳለች። ሐኪሙ ውሃው ከተለወጠ ስንት ጊዜው ነው ሲላት ከጥቅምት ጀምሮ አለችው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የማንም አይደለም። ከጥር 29 እስከ የካቲት 19 ያለው የኔ ነው። ሃያ ቀን። ደጋግሜ ቆጠርኩት።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ዛሬ ፈንታዬን ጉልበቷን አሟት ኖሮ ፍቅርአዲስ መጣች። የምጠጣውን ራሴ ልቅዳ ብላ ነው።

ቧንቧውን ከፍቼ ጀርባዬን ሰጠኋት። ዞሬ ሳያት ጄሪካኑን ሳይሆን እኔን እያየች ነው።

«እትዬ፣ ያ የጠበሉ ነገር እውነት ነው? እናቴ በደንብ አትነግረኝም፤ ትጀምርና ትተወዋለች።»

ነገርኳት። ገጠሬዎቹን፣ ጠርሙሱን፣ አህያውን። በሱ ድምፅ ነገርኳት፤ ሌላ ድምፅ አልመጣልኝም። ከት ብላ ሳቀች፤ ሆዷን ያዘች።

«ይድገሙልኝ» አለች።

ደገምኩላት። በሁለተኛው ቀድሞ ያላነሳሁትን ጨመርኩ፤ ሲበላ እጅጌውን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ ቀልዱን ሲናገር እሱ እንደማይስቅ፣ ሰው እስኪስቅ አፉን ገጥሞ እንደሚጠብቅ። ሦስተኛውን እሷ አልጠየቀችም፤ እኔው ነኝ የጀመርኩት። ጄሪካኑ ሞልቶ ይፈስ ነበር። እግሯ ረጠበ። አልተንቀሳቀሰችም።

«ሌላስ? ሌላ ምን ይል ነበር?»

«ብዙ ይል ነበር» አልኳት። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ግን ባስብ አይጠፋኝም፤ አሥራ አራት ዓመት ምሳ አመላልሻለሁ።

ስትወጣ ጠራኋት። «ውሃው ከሰዓት ይደክማል። ከነገ ጀምሮ በጠዋት ነይ። ትንሿን ጄሪካን ብቻ ያዢ፤ አትሸከሚ፤ ሁለት ጊዜ ብትመላለሺ ይሻልሻል» አልኳት።

«እሺ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ቧንቧው ጠዋትም ከሰዓትም እኩል ነው። ጠዋት ግን ፈንታዬ ኪዳን ትሄዳለች።